መዶሻውን አስቀምጡት፤ ታይሮድ በጉልበት አይፈታም

«ታይሮድ መፍታት ምን አላት! ሁለት መዶሻ ናት።»

ይህችን ቃል ናይሮቢ ጓሮዎች ውስጥ፣ ኢሲዮሎ መንገድ ዳር፣ ሞያሌም በሁለቱም ወገን ሰምቻታለሁ። የሚናገሯት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ፈንዲዎች ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ የኛው ነጋዴዎች፣ ቶሎ ጭነው ቶሎ ለመውጣት የቸኮሉ። ግን ተሳስተዋል። ስህተታቸውም አንድ ጆንያ ቡና አበላሽቶ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም፤ ሰው ይጨርሳል።

እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። የውጭውን ታይሮድ በቤታችሁ ግቢ ራሳችሁ ፈታችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ነጋዴ መሆናችሁ፣ ሴት መሆናችሁ፣ መካኒክነት አለመማራችሁ አይከለክላችሁም። ነገር ግን ሥራው በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና በመዶሻ የሚሠራ ከሆነ እናንተም አትንኩት፣ ፈንዲውንም አታስነኩት።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። መሪውን ስታዞሩ እንቅስቃሴው ወደ ጎን ይሄድና በሁለት ዘንጎች በኩል ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ይደርሳል። ጎማው ጋ ያለችው የዘንጉ ጫፍ የውጭው ታይሮድ የምንላት ናት። ውስጧ የምትሽከረከር የብረት ኳስ አለች፤ ከኳሷ የወጣው ሾጣጣ እግር ጎማውን በሚያዞረው ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በዳዶ ይታሰራል። ኳሷ ስትበላ መሪው ይቅበዘበዛል፣ ጉድጓድ ላይ ቋ ቋ ይላል። ከቤቷ ከወጣች ወይም ዳዶው ከወለቀ ግን ያ ጎማ ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው። እናንተ ወደ ግራ ትላላችሁ፤ እሱ ወደ ፈለገበት።

አስፋልቱ መጣና ተገላገልን የምንል ብዙ ነን። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ኮረኮንች በነበረበት ዘመን መኪናው አጥንቱ እስኪላቀቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እውነት ነው። ግን በዚያ መንገድ ማንም በ110 አይነዳም ነበር። በ30 እየተንፏቀቀ ታይሮድ የተለየበት ሰው መኪናው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ሻይ አፍልቶ እርዳታ ይጠብቃል። ዛሬ ያው የተበላ ታይሮድ፣ ያው እስከ ጣሪያው የተጫነ ፕሮቦክስ፣ ቀጥ ባለ አስፋልት በ110 ይበራል። መንገዱ ሲሻሻል ቸልታችን አብሮ አልተሻሻለም።

የኔን ልናገር፤ ጥፋቱ በከፊል የራሴ ነውና። ወደ ሞያሌ ስወጣ በቀኝ በኩል ድምፅ ነበረ። «ያደርሰኛል» አልኩ። መንገድ ላይ ሲብስ አቆምኩና አንድ ፈንዲ በ20 ደቂቃ ቀየረልኝ። መዶሻው ሲያርፍ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ እኔም ጉልበቱን እያደነቅኩ ስልኬን እነካካለሁ። ማርሳቢት ለምሳ ስንወርድ በዕድሜ የገፉ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማዬ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ይህን ማን ሠራልህ?»

«መንገድ ላይ ነው ጋሼ። ምነው?»

«ጎንበስ በልና እየው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዳዶው ሁለት ጥርስ ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። በዳዶው ቀዳዳ አልፋ እንዳይፈታ የምትይዘው ኮፒሊያ የለችም፤ በሷ ፈንታ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ታስራ ነበር፣ እሷም ተበጥሳለች። የኋላ ወንበር ላይ ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጄ ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ምንም አልተቆጡም። ከዕቃ ሣጥናቸው ኮፒሊያ አውጥተው ሰጡኝና ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መዶሻው እንዴት እዚህ እንዳደረሰኝ የገባኝ በኋላ ነው። የታይሮዱ እግር ሾጣጣ ነው፤ ቀዳዳውም እንዲሁ። ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ እንደ ሽብልቅ ይነካከሳሉ። ዳዶው ቢወልቅም ንክሻው ስለማይለቅ ፈንዲው የእግሩን ጫፍ፣ ክር ያለበትን ቦታ፣ በመዶሻ ይመታዋል። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይደፈጠጣል፣ ክሩ ይጨፈለቃል። አሮጌው ታይሮድ ወደ ቆሻሻ የሚሄድ ከሆነ «ምን ቸገረኝ» ትላላችሁ። ምቱ ግን እዚያ አያበቃም። በክንዱ፣ በታችኛው ኳስ፣ በጎማው ኩሽኔታ በኩል ያልፋል። መዶሻው ሲስት ደግሞ የፍሬን ቱቦውን ወይም ከጎኑ ያለውን የጎማ ሽፋን ያገኛል። የከፋው ግን ሌላው ነው፤ በመዶሻ የፈታ እጅ ሲመልስም በመዶሻ ይመልሳል። አዲሱን እግር መትቶ ያስገባና ክሩ ትንሽ ሲጎዳ ዳዶው መንገዱን ሳይጨርስ ይጠብቃል። የጠበቀ ይመስላል እንጂ ሾጣጣው አልነከሰም። የኔ ዳዶ ማርሳቢት ድረስ ሲፈታ የመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ለዚህ ሥራ የተሠራ ፑለር የሚባል ዕቃ አለ። ሁለት መንጋጋ፣ አንድ ብሎን። መንጋጋው ክንዱን ይይዛል፣ ብሎኑ የእግሩን ጫፍ ይገፋል፣ ቁልፉን እያዞራችሁ ታጠብቃላችሁ፣ «ጧ!» ይላል፤ አለቀ። ዋጋው ከአንድ አዲስ ጎማ ያንሳል። ሙሉ መኪና ዕቃ ከኢስሊ ጭኖ ድንበር የሚሻገር ሰው ፑለር ውድ ነው ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት? ሹካ የሚመስለውንና በመዶሻ የሚገባውንም የሚሸጡ አሉ። እሱ ያላቅቃል፤ ግን የግሪሱን ሽፋን ቀዶ ነው። ታይሮዱ የሚጣል ካልሆነ አትጠቀሙበት።

አሁን ወደ ክሪኩ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ሥሩ ሁለት ብሎኬት ደርድሮ፣ «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ የሚገባ ሰው እግዚአብሔርን እየተፈታተነ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ሥሩ እንዲሠራ አልተሠራም። በዘይት የሚሠራውም ቢሆን የሚይዘው በአንዲት የጎማ ቀለበት ነው፤ እሷ ካፈሰሰች ይወርዳል። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፣ ድንገት ይፈረካከሳል። መኪና የሚቆመው ለዚሁ በተሠራ የብረት መቆሚያ ላይ ነው። ከፑለሩ በፊት መቆሚያውን ግዙ። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ካላችሁ መቆሚያውን ገዝታችሁ ፑለሩን ተዋሱ።

የውጭው ታይሮድ አንድ በጎ ነገር አላት። ጎማው ሲወልቅ ከጎን ትደረሳለች፤ ከመኪናው ሥር መተኛት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው። የፍሪሲዮን ሥራ ቢሆን ይህን አልልም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ ሲሚንቶ ከሆነ ጥሩ። ልጆችን ከግቢው አስወጡ፤ «አባባ ምን እያደረገ ነው» ብለው ሥሩ ይገባሉና። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በእንጨት አግዱ። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ ሩብ ዙር አላሏቸው። ከዚያ የመኪናው መጽሐፍ ባመለከተው ቦታ በክሪክ አንሡ፣ መቆሚያውን አስገቡ፣ መኪናውን መቆሚያው ላይ አሳርፉት። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። የሚወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ፣ እጃችሁ ሳይገባ። የወለቀውን ጎማ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኙት፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ እሱ ይደግፋል።

ክሮቹን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ዝገት የሚያላላ ዘይት እርጩ፣ ሻይ ጠጡ። ቀልድ አይደለም። ዘይቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማታ ረጭታችሁ ጠዋት ብትሠሩ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። የዓይን መነጽር አድርጉ፤ ዝገቱ ወደ ላይ ይፈነጠራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ነው። ታይሮዱ በዘንጉ ላይ የተጠመዘዘ ሲሆን ከኋላው የሚቆልፈው ዳዶ አለ። ይህን ዳዶ እግሩ ከክንዱ ሳይላቀቅ በፊት አላሉት፤ ክንዱ ይይዝላችኋል። ታይሮዱን በሌላ ቁልፍ ደግፉና ሩብ ዙር ብቻ ፍቱት። ከዚያ በፊት ግን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከእግሩ መሐል እስከ ዳዶው ያለውንም ርዝመት ለክታችሁ ጻፉት።

ኮፒሊያዋን በፒንሳ አቅንታችሁ ሳቡ፤ ዳግመኛ አትጠቅምም፣ ጣሏት። የእግሩን ዳዶ ፍቱት እንጂ አታውልቁት፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ይቆይ። ንክሻው ሲለቅ ዕቃው ፊታችሁ ላይ እንዳይዘል የሚይዘው እሱ ነው። እግሩ አብሮ እየዞረ ካስቸገረ ታይሮዱን በእንጨት ወደ ክንዱ ጫን አድርጉት፤ ሾጣጣው ሲነክስ መዞሩን ይተዋል። ፑለሩን አስገቡ፣ አጥብቁ፣ ጠብቁ።

አልለቅ ካለ? ያን ጊዜ ለመዶሻው ትንሽ ቦታ አለ፤ ፍትሐዊ ልሁን። ፑለሩ እንደተወጠረ፣ የክንዱን ቀዳዳ ዙሪያ፣ ጎኑን፣ አንድ ሁለት ጊዜ መምታት ሽብልቁን ያላቅቀዋል። ጎኑን፤ የእግሩን ጫፍ አይደለም። ክንዱ ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ ይህንንም አታድርጉ። እሳትም አታስጠጉ። የፍሬን ቱቦ አጠገቡ ነው፤ የታይሮዱ ኳስ ደግሞ ግሪስ ውስጥ የታሸገች ናትና ስትግል ልትፈነዳ ትችላለች። በጋዝ አግሎ የሚፈታ ሰው ካያችሁ ራቁ።

ከዚያ ታይሮዱን እያዞራችሁ አውጡ፤ ዙሩንም ቁጠሩ። አሥራ ስምንት ተኩል ከሆነ አሥራ ስምንት ተኩል ብላችሁ ክንዳችሁ ላይ ጻፉ። አዲሱም በዚያው ቁጥር ይገባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ አዲሱ ካጠረ ወይም ከረዘመ በዙሩ አትመኑ፣ በለካችሁት ርዝመት ሂዱ።

የዙሩን ነገር የማጠብቀው በምክንያት ነው። የብዙ ትናንሽ መኪኖች የታይሮድ ክር በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ክንዱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን አንድ ዙር ስህተት ጎማውን ከሁለት ሦስተኛ ዲግሪ በላይ ያጣምመዋል። ሁለቱ ጎማዎች ቢካፈሉት እንኳ እያንዳንዱ በየኪሎ ሜትሩ 6 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከናይሮቢ ሞያሌ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስሉት፣ ጎማችሁ ከአራት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ በጎኑ ተጎትቷል ማለት ነው። «አዲስ ጎማ ገዝቼ በአንድ ወር በላብኝ፣ የቻይና ስለሆነ ነው» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ታይሮዳቸውን ማን እንደነካው ያስታውሱ። ስለዚህ ዙር ብትቆጥሩም፣ ብትለኩም፣ ከሥራው በኋላ በቀስታ ነድታችሁ አላይመንት አስደርጉ። ይህ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ እኔም ለማሽኑ እከፍላለሁ።

ስትመልሱ ሾጣጣውንና ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ግሪስ አታስነኩ። ዳዶውን በእጅ አስጀምሩት፤ በእጅ ካልሄደ ክሩ ተጎድቷል፣ ቁሙ። ለብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች የእግሩ ዳዶ ጥብቀት 49 ኒውተን ሜትር፣ የጎማው ዳዶ 103 ነው፤ ለናንተ መኪና መጽሐፉን እዩ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ጨምራችሁ አጥብቁ እንጂ በፍጹም ወደ ኋላ አትፍቱ። አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ፣ ጫፏን እጠፉ። ሽቦ አይደለም። ምስማርም አይደለም። መጨረሻ የኋላውን መቆለፊያ ዳዶ አጥብቁ፤ እሱ ተረስቶ የሄደ መኪና አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ለትናንሽ መኪኖች ነው። ኢሱዙና የመሳሰሉት ላይ ዘንጉ ባንድ ጫፍ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ የሚዞር ክር አለው፤ የሚቆልፈውም ዳዶ ሳይሆን የሚያንቅ ቀለበት ነው። ክብደቱም ሌላ ነው። እሱን ለሚያውቅ ጋራዥ ስጡ። በትንሿም መኪና ቢሆን የክንዱ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ካገኛችሁት አዲስ ታይሮድ አይፈውሰውም፤ ክንዱ ይቀየራል።

ከዕቃው ግዢም አንድ ነገር። የላላችን ኳስ ከጀርባዋ ቀጥቅጦ ወይም በብየዳ አጥብቆ «እንደ አዲስ» የሚመልስ ሰው በሁለቱም አገር አይቻለሁ። ለአንድ ሳምንት በእርግጥ አትነቃነቅም፤ ውስጧ ግን ያው የተበላችው ኳስ ናት፣ ብየዳው ደግሞ ግሪሷን አቃጥሎታል። ይህን አትግዙ፣ አታሠሩ። ኪሪንያጋ ሮድም ሆነ መርካቶ ሶማሌ ተራ የታወቀ ስም የታተመበት ሣጥን ሁሉ ውስጡ የታወቀው ዕቃ አይደለም። ኳሷን በእጃችሁ አወዛውዟት፤ አዲስ ሆና እንደ ልብ የምትወዛወዝ ከሆነ መልሱላቸው። ጠጠር ብላ እኩል መንቀሳቀስ አለባት።

«የፈንዲውን እንጀራ ልትዘጋ ነው» ያለኝ ወዳጅ አለ። አልዘጋም። ፑለር ይዞ፣ መቆሚያ ላይ አቁሞ ለሚሠራ ፈንዲ ከጠየቀው ጨምሬ እከፍላለሁ። እኛ ደንበኞቹ «ቶሎ በል፣ ቀንስ» ስንለው መዶሻውን ያነሣው ለኛ ብሎ ነው። ሌላው ደግሞ «አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ቀን አልተቸገርኩም» ይላል። የተቸገሩት መጥተው ሊሟገቱት አይችሉማ።

መፍታቱን የማትደፍሩ ቢያንስ መመርመሩን ልመዱ፤ ለዚህ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የፊት ጎማውን አንሥታችሁ በመቆሚያ አሳርፉና እጃችሁን በግድግዳ ሰዓት 3 እና 9 ቁጥር ላይ አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት (በአበሻም በፈረንጅም አቆጣጠር ቁጥሮቹ ቦታቸው ያው ነው)። ቋ ካለ ታይሮዱን ጠርጥሩ። 12 እና 6 ላይ ይዛችሁ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው ኳስ ነው። ከዚያ መኪናውን አውርዱና ሌላ ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ከጎን ሆናችሁ ታይሮዷን በዓይን ተከታተሉ፤ ዘንጉ ሄዶ ጎማው ከዘገየ ያቺ ናት። የጎማ ሽፋኗ ተቀዶ ግሪስ ከተፋም አትጠብቁ፤ አቧራው ገብቶ የቀረውን ይጨርሰዋል። ባለቤቴ ይህን ምርመራ አሁን ከኔ በፊት ታደርገዋለች፣ ሳታደርግም ልጇን አታሳፍርም።

ፑለሬን አውሳለሁ፤ ኢስሊ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ። ባለፈው የወሰደው ሰው ክሩን አሸዋ አስበልቶ ነው የመለሰልኝ። እባካችሁ ስትመልሱ ብሎኑን ጠርጋችሁ ግሪስ ቀቡልኝ።